ጭስ የማይወጣው ቤት

ከጎንደር መነሳት

እኔ ብርድ የምችል ሰው አይደለሁም። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያረጀሁ ብሆንም በጥር ወር በማለዳ ከቤቴ የሚያስወጣኝ ወይ ገበያ ነው ወይ ለቅሶ። ያን ዕለት ግን ገና ሳይነጋጋ ሁለት ነጠላ ደርቤ፣ በላዩ የሟቹን የባለቤቴን ጋቢ ተከናንቤ ወደ መኪና መነሻው ወረድኩ። የሄድኩት ለእህቴ ለማንጠግቦሽ ነው። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ጡት አልጣለችም ነበርና አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የተዳረችው ፎገራ ነው፤ ከወረታ በእግር ግማሽ ቀን ከማይሞላ ቦታ። የመጀመሪያ ልጇን መውለዷን ሰምቼ እልል ብዬ ብዙም ሳይቆይ፣ ከዚያው አገር ኑግ ይዞ የመጣ ነጋዴ በርበሬ ከምሸጥበት መደብ ፊት ቆመና ዓይኔን ላለማየት እየሞከረ መልእክቱን ነገረኝ።

"አራሷ ደህና አይደለችም። ትለፈልፋለች። ቶሎ ይምጡ ብለውዎታል።"

ትለፈልፋለች ማለት በእኛ አገር ቀላል ወሬ አይደለም። የሚለፈልፈው ቡዳ የበላው ሰው ነው፤ የሚለፈልፈውም የበላውን ሰው ስም እስኪጠራ ነው። ስም ከተጠራ በኋላ ደግሞ ጣጣው የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

አንድ ቅል ቅቤና አንድ ገንቦ ማር ይዤ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ለሚሄድ ሁለት ብር፣ ከሾፌሩ ጎን ሦስት ብር ነበር። ብርዱን ፈርቼ ሦስቱን ከፈልኩ። ገብቼ ስቀመጥ ግን በእኔ በኩል ያለው መስታወት የለም፤ ቦታው ላይ ጆንያ ተሰቅሎበታል። አንዱን ብር የከፈልኩት ለጆንያው ነው ማለት ነው።

ከጣራ ገዳም ግርጌ

አዘዞን፣ ማክሰኚትን አልፈን እንፍራንዝ ላይ ቁርስ በላን። ሽሮው ውሃ ውሃ ይላል፤ በስሙኒ ግን ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም። ፀሐይዋ ስትወጣ ጣና በስተቀኛችን ብልጭ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ነጭ ጭጋግ መጥቶ ሸፈነው።

ከጣራ ገዳም ጫካ ግርጌ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። ከመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይጠብቀው ኖሯል። ጆንያ በጆንያ ላይ ሲጫን አይቼ ግራ ገባኝ።

"ይህ ሁሉ ከሰል ለማን ነው?" አልኩት።

"ለፎገሬዎች ነዋ።"

"ኧረ እባክህ! ከብት እንደ አሸዋ ያለው ሰው፣ ኩበት ከምሮ የሚያድር ሰው፣ ከሰል ምን ሊያደርግለት?"

ሾፌሩ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበር። "ዘንድሮ ኩበታቸው በስብሷል" አለኝ። "በታህሳስ ያልታሰበ ዝናብ ወረደባቸው። ከዚያ ወዲህ ጭጋጉም ብርዱም አልነሳ አለ። እርጥብ ኩበት ሲነድ ጭሱ ዓይን ያወጣል። ያለው ሰው ከሰል መግዛት ጀምሯል። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ምን የመሰለ እሳት!"

ከርብ ድልድይ ወዲያ ተጫዋቹ ሰው ዝም አለ። ሜዳው ውስጥ ገብተናል፤ ሜዳው ግን አይታይም። ጭጋጉ ከመሬት ተነስቶ እስከ መኪናው አፍንጫ ደርሷል። አልፎ አልፎ የከብት ቀንድ ብቻ ከላይ ብቅ ይላል፤ ሥሩ ያለው ከብት አይታይም፣ አይጮህም፣ አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ቀንዶቹ ወደ እኛ ዞሩና እዚያው ቆሙ። እኔ በልቤ ጸሎት ጀመርኩ።

ከወረታ ወደ ቀዬው

ወረታ ሁለት መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ አንዱ ከጎንደር ይመጣል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅና ጠጅ ቤት ተደርድሯል። የዚያን ዕለት ግን ጠጅ ቤቶቹ እንኳ በራቸውን ገርበብ አድርገው ነበር፤ ከየበሩ የእርጥብ ኩበት ጭስና የሰው ሳል ይወጣል። ከዘመድ ቤት አረፍኩ። እኔም ስስል አደርኩ።

በማግስቱ የእህቴ ባል ደሴ በቅሎ ይዞ መጣ። ደሴ ታታሪ ገበሬ ነው፤ ትንሽ የከተማ ነገር ይወዳል እንጂ ሌላ እንከን የለበትም። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ፊቱ ከስቷል።

"እህቴ እንዴት ናት?"

የበቅሎዋን የኮርቻ ጠፍር ማጥበቅ ጀመረ። ጠብቆ ሳለ እንደገና ፈትቶ አጠበቀው።

"መልኳ አምሯል፣ እትዬ" አለ። "እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።"

መንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። ሚስቱ እንደምትወልድ ሲያውቅ አዲስ ቤት ሠራላት። በሜዳው ልማድ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድረው፤ ከብቶቹ በጋጣው በኩል፣ ሰዎቹ በመደቡ በኩል። ደሴ ግን አራሷ በበረት ሽታ መካከል አትተኛም ብሎ ከብቶቹን በአሮጌው ቤት ተዋቸው፤ እሱም ከእነሱ ጋር ያድራል። ብርድ እንዳይገባ አዲሱን ቤት ሁለት ጊዜ አስመረገው። ለከሰሉ ከቀዬው ዳር ያለችው ሸክላ ሠሪ ደብሬ ትልቅ ማንደጃ ሠራችለት።

"ደብሬ ማንደጃውን ይዛ የመጣች ቀን ማንጠግቦሽን አየቻትና 'ቀንሽ ደርሷል' አለቻት። እውነትም በዚያው ምሽት ወለደች። ከዚያ ዶሮዎቹ አለቁ፣ እትዬ። ጠዋት ስንነሳ ሁሉም ከአዲሱ ቤት ቆጥ ሥር ወድቀዋል፤ ቁስል የለ፣ ደም የለ። ድመቷም ቤት አልገባም ብላ ቀረች። አሁን ሚስቴ አንዲት ሴት እየመጣች ደረቴ ላይ ትቀመጣለች ትላለች። እናቴ ሥር አጢሳ ስትጠይቃት 'ደብሬ ናት' አለች።"

"ሕፃኗስ?"

"አታለቅስም። ዝም ብላ ትተኛለች።"

ወደ ቀዬው ስንቀርብ ጭጋጉ ሳሳ አለ። ቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከሁሉም የሣር ክዳን ጭስ ይወጣል፤ ቢጫ፣ ከባድ ጭስ፣ ከፍ ማለት አቅቶት በጣራው ላይ የተኛ። አንዱ ቤት ብቻ ምንም አይወጣበትም። ክዳኑ አዲስ ነው፣ ጭቃው አዲስ ነው፣ ሰው ያለበትም አይመስልም። በቅሎዋ ወደዚያው አቀናች።

አዲሱ ቤት

በሩ ላይ የላም ቆዳ ተጋርዷል። ገልጬ ስገባ ሙቀቱ እንደ እናት አቀፈኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከጎንደር ከተነሳሁ ጀምሮ የሰውነቴ ክፍል ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለው ያን ጊዜ ነው። የጭስ ማውጫው ቀዳዳ በጭድና በጭቃ ተደፍኗል። ማንደጃው ከአልጋው አጠገብ ቀይ ሆኖ ይነዳል። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ እሳቱ እንኳ አይንጣጣም።

ማንጠግቦሽ ደሴ እንዳለው ነበረች። ከንፈሯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል። ከትራሷ አጠገብ እንደ አራስ ሁሉ ቢላዋዋ ተቀምጧል። ስስማት ግን እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር ታይ ነበር።

"እትዬ፣ መጣሽልኝ? ቀስ ብለሽ ተቀመጪ። አሁን ትመጣለች።"

የደሴ እናት እመት የሺ ሳመችኝ፤ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። "ምች ነው መሰለኝ፣ ራሴን ከፈለኝ" አለችና ውሃ ልታመጣ ወጣች። ሕፃኗን አነሳኋት። እጇ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ ትተነፍሳለች፣ ግን ስነካት አትነቃም። እናቷ ጎን አስተኛኋትና ከማንደጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ራሴ ከበደኝ፤ የመንገድ ድካም ነው አልኩ። ቀና ስል ከእሳቱ ማዶ አንዲት ትንሽ ሴት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ተቀምጣለች። እመት የሺ ተመልሳ የገባች መሰለኝና "ውሃው ተገኘ?" አልኳት። አልመለሰችም። ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ያን ጊዜ ከደጅ እመት የሺ ውሻ ስትቆጣ ሰማሁ።

ታዲያ ይህቺ ማን ናት?

ልነሳ ፈለግሁ፤ እግሬ የእኔ አልሆነም። ልጮህ ፈለግሁ፤ አፌ ተሳሰረ። እህቴ ከአልጋው ላይ ቀስ ብላ ተናገረች።

"አየሻት፣ አይደል?"

በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ቆዳውን ገፍቼ ደጅ ስወድቅ ብርዱ ፊቴን ገረፈኝ፤ የበላሁት ሁሉ ወጣ። ደሴ ሮጦ ደገፈኝ። እኔ ሟቹ ባለቤቴ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ብዙ ወሬ የማልቀበል ሴት ነኝ። የዚያን ዕለት ግን ያለ ጥርጥር አመንኩ። እህቴን የያዛት ነገር አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። "ደብሬን ጥሯት" ሲሉ እኔም "ጥሯት" አልኩ።

ደብሬ

በማግስቱ ጠዋት ደብሬ በሁለት ሰዎች መካከል መጣች። የቀዬው ወንዶች ዱላ ይዘው ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቄሱም አሉ። ሳያት ደነገጥኩ። ቁመቷ ከወንዶቹ ይበልጣል፤ ቀጥ ያለች፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ናት። እስከ ክርኗ የደረቀ ሸክላ አለባት፤ ከሥራዋ ላይ ነው ያነሷት። ከእሳቱ ማዶ ያየኋት ሴት ይህቺ አይደለችም።

"ግቢና እንትፍ በይባት፤ ልቀቂያት" አላት ደሴ።

"አልገባም።"

"ደብሬ!"

"ብገባና ብትሞት ገባችና ጨረሰቻት ትላላችሁ። ስሜን የጠራችው እሷ ናት። ትውጣና በፀሐይ፣ ፊት ለፊቴ ትጥራኝ።"

ሰው አጉረመረመ። አራስ በዚህ ብርድ፣ ያውም በሰው ፊት ከቤት አትወጣም። ቄሱ ጥቂት አሰቡና "ቢላዋዋን ይዛ ትውጣ። ልጅቱንም አውጧት" አሉ።

ተሸክመን አወጣናት። ጀንዲ ቆዳ ላይ አስተኝተን በጋቢዬ ሸፈንናት። ደብሬ ራቅ ብላ ቆመች። ጭጋጉ ከሜዳው ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፤ ከሩቅ አንድ በሬ አገሳ። ሁላችንም እህቴ ስም ትጠራለች ብለን አፍ አፏን እናያለን። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የመጣው የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ ሕፃኗ አለቀሰች። ያ ዝምታዋ ሁሉ ተጠራቅሞ የወጣ ይመስል ጮኸች። ማንጠግቦሽ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና "ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው? ውሃ ጠማኝ" አለች።

"ለቀቀቻት!" አለች እመት የሺ። ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔም በደስታ አለቀስኩ። ቀና ብዬ ደብሬን ሳይ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ገባኝ። እህቴ በእሷ ፊት መዳኗ ለሰው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ካልያዘቻት እንዴት ለቀቀቻት? ወንዶቹ እዚያው ዋርካው ሥር አስቀምጠዋት መፍረድ ጀመሩ፤ ከቀዬው ትውጣ ነው ነገሩ። ወደ ደሴ ጠጋ ብዬ "እኔ ያየኋት ሴት ይህቺ አይደለችም" አልኩት። "ቡዳ እኮ መልኩን ይለውጣል፣ እትዬ" አለኝ።

እሳቱ

እህቴን መለስናት። እመት የሺ በደስታ ማንደጃውን በአዲስ ከሰል ሞላችው፤ ቆዳውንም ጋረደችው። እኔ የትናንቱን ፈርቼ ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ አፍንጫዬን በቆዳው ጠርዝ ወደ ደጅ አወጣሁ። በዚያው ክፍተት ደብሬ ትታየኛለች። አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ዱላ በያዙ ወንዶች መካከል ተቀምጣለች።

እህቴ ጥቂት ስታወራ ቆየችና ቃሏ መጎተት ጀመረ። ሕፃኗ ዝም አለች።

"መጣች" አለች ማንጠግቦሽ። "ያቻትና፣ ተቀመጠች።"

ደጅ አየሁ። ደብሬ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ውስጥ አየሁ። በአልጋውና በእኔ መካከል ያለው ማንደጃው ብቻ ነው፤ በጥቁሩ ከሰል ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ይሄዳል።

ጎንደር ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። ፍም ሆኖ አመድ እስኪለብስ ወደ ቤት አናስገባውም፤ ያኔም በር ገርበብ ይላል። "እነ እገሌን ከሰል አፍኗቸው ሞተው አደሩ" ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ፎገሬ ግን የሚያውቀው እሳት ኩበት ነው። ኩበት ሲያፍን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ገፍቶ በር ያስከፍታል። ይህኛው እሳት ጭስ ስለሌለው ማንም በር አልከፈተለትም። እንዲያውም ደግ እሳት ነው ብለው ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈኑለት።

ማንደጃውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አነሳሁት። እጄን ለበለበኝ፤ አልለቀቅሁትም። ግቢው መካከል ፈጠፈጥኩት። ተመልሼ የእህቴን ቢላዋ አነሳሁና የጭስ ማውጫውን ጭድ መጎርጎር ጀመርኩ።

"ምን ሆነሻል አንቺ!" ብላ እመት የሺ ክንዴን ያዘች። "አራሷን በብርድ ልትገያት ነው?"

"እመት የሺ፣ ቡዳዋ ውጭ ተቀምጣለች። እርስዎም ያዩዋታል። ታዲያ ራስዎን የሚከፍልዎት ማን ነው? ከከሰሉ ወዲህ አይደለም?"

እጇን ከክንዴ አነሳች። በሻሿ ላይ አሳረፈችው። አልከለከለችኝም።

ብርዱ ግን እውነተኛ ብርድ ነበር፤ አራሷም ሕፃኗም ያለ እሳት አያድሩም። ደሴን ጠራሁት።

"ላሞቹን አስገባ።"

"አዲሱ ቤት ውስጥ?"

"አዲሱ ቤትህ ውስጥ።"

ላሞቹ ገቡ። በመደቡ ማዶ ተኝተው ሲያመሰኩ ትንፋሻቸው ቤቱን ሞላው። ሽታውን አልዋሽም፣ አስቀያሚ ነው። እኔና እመት የሺ ማንጠግቦሽን መካከላችን አስተኝተን ቆዳ ለበስን። ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ እኔም በደስታ ሳልተኛ አደርኩ። ሴትዮዋ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም መጥታ አታውቅም።

የፍርዱ ነገር

እህቴ ብርታት አገኘች፤ ገንፎ ጨርሳ ሌላ መጠየቅ ጀመረች። ፍርዱ ግን እንዳለ ነው። ለቄሱ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና "ልክ ትሆኚ ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን ስትለቃት አይቷል" አሉኝ። ለደሴ ነገርኩት። "ከሰሉም ይሁን፣ እትዬ፤ ሴትዮዋም ትሂድ" አለኝ። ሁለቱን ባንድ ላይ ማመን ምንም አልከበደውም። ለእህቴም ሁሉንም ነገርኳት።

እኔ የምመለስበት ቀን ደብሬም የምትሄድበት ቀን ሆነ። ወደ አንበሳሜ በኩል ዘመድ አላት ይባላል። ማሰሮዎቿን በአህያ ጭና በዋርካው አጠገብ ስታልፍ ሰው ወጥቶ ያያታል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።

ማንጠግቦሽ ቢላዋዋን በአንድ እጇ፣ ልጇን በሌላው ይዛ ከቤት ወጣች። "ወዴት ነው?" አለች እመት የሺ። ማንጠግቦሽ መንገዱ መካከል፣ ከደብሬ አህያ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ገለጠችና ጡቷን አውጥታ ልጇን ማጥባት ጀመረች።

በዚያ አገር ሴት ስታጠባ ከሸክላ ሠሪ ዓይን ትሸሸጋለች፤ ሲበላ እንኳ ሰው ፊቱን ይጋርዳል።

"ደብሬ" አለች እህቴ። "ስምሽን የጠራሁት እኔ ነኝ። ይኸው ተመልከቺኝ።"

ደብሬ ግን ፊቷን አዞረች። ማንም ሳይላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ስባ ወደ ሜዳው ዞረች።

"እይኝ እንጂ፣ እቴ!" እህቴ አለቀሰች። "እይልኝ!"

ደብሬ ቀስ ብላ ዞረችና ሕፃኗን አየቻት።

"ሸፍኛት" አለች። "ብርድ ይመታታል።"

አህያዋን ነካ አደረገችና ሄደች። ቅሪ ያላት ሰው አልነበረም። እህቴ ግን በሰው ፊት ተነስታ እስከ ወንዙ ሸኘቻት።

ጎንደር

በዚያው ዕለት ወረታ ወርጄ መኪና አገኘሁ። የተለበለበ እጄን ቅቤ ቀብቼ በጨርቅ አስሬዋለሁ። ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ እሳት አያይዛ ጠበቀችኝ፤ ደግ ሴት ናት። ከዚህ ጉዞ የያዝኩትን ሁሉ ነገርኳት። ከሰል ደጅ ካልነደደና በር ካልተከፈተ ሰው እንደሚገድል፣ ጭስ የሌለው እሳት ከሚያጨሰው ይልቅ እንደሚፈራ፣ የታፈነን ሰው ዓይኑ በቦታው የሌለን ሰው እንደሚያሳየው፣ እኔም ራሴ እንዳየሁ፣ ደብሬ ውጭ ተቀምጣ ሳለ እህቴ ውስጥ እንዴት እንደለፈለፈች፣ ላሞቹ እንዴት እንዳሞቁን አንድም ሳላስቀር ተረኩላት። እሷም አገጯን በመዳፏ ይዛ አዳመጠችኝ። በየመካከሉ "ወይ ጉድ!" ትላለች። ስጨርስ ፍሙን በመቆስቆሻ ገላበጠችና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ታዲያ ሴትዮዋ ቡዳ ናት አይደለችም?"

ተነስቼ በሩን ትንሽ ከፈት አደረግሁ፤ ብርዱ ገባ። ተቀመጥኩና ከመነሻው ጀምሬ እንደገና ነገርኳት።